ኪራዩን የማይጠይቅ ገዢ

የካቲት አሥራ ሁለት ቀን ሁለት ሺህ ሁለት ዓመተ ምሕረት ነበር። ወይስ አሥራ ሦስት? ቅዳሜ መሆኑስ አያጠራጥርም፤ ከቦንጋ ገበያ የሚመለስ ሰው ሁሉ ጭቃውን እየሸሸ በአጥር ጥግ ጥግ ይሄድ ነበር። ስለ ቀኑ ቁጥር ግን የዚያን ዕለት እዚያው የነበሩት ሁለቱ ሰዎች ራሳቸው አልተስማሙም። ዓመታት ካለፉ በኋላ ማን ሊያስታርቃቸው?

[ከአንድ የቀርከሃ አጥር ውጭ። ግዛቸው ደብተሩን ጉልበቱ ላይ አስደግፎ ለመጻፍ አንድ እግሩን አንሥቷል። ዋለ እንዳይወድቅ ክንዱን ይዞታል።]

ግዛቸው፦ ጻፍኩት። «ዛሬ የካቲት 12 ቀን 2002 ዓ.ም.»

ዋለ፦ አሥራ ሦስት ነው፣ ጋሼ።

ግዛቸው፦ አሥራ ሁለት ነው። የቢሮውን የቀን መቁጠሪያ የሚገነጥለው ማን ነው?

ዋለ፦ እርስዎ ነዎት።

ግዛቸው፦ ታዲያ?

ዋለ፦ ትናንት የሚካኤልን ማኅበር ጠጥተናል።

ግዛቸው፦ እና?

ዋለ፦ ሚካኤል በአሥራ ሁለት ነው።

ግዛቸው፦ [ጥቂት አስቦ] ቀኑ ሳይደርስ ጠጥታችሁት ይሆናል።

ዋለ፦ ቄሱም አብረውን ነበሩ። እሳቸውም ቸኩለው ይሆናል።

ግዛቸው በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የፕላን ባለሙያ ነው። ተመድቦ ቦንጋ ከመጣ አሥራ አራት ዓመቱ ሲሆን በእነዚህ ዓመታት ውስጥ ሰባት አከራይ ቀያይሯል። አንደኛዋ ማታ ሦስት ሰዓት ሲሆን ቆጣሪውን ታጠፋበት ነበር። ሌላው እንግዳ በመጣበት ቁጥር በሩ ላይ ቆሞ «ያድራል ወይስ ይሄዳል?» ይል ነበር። ሦስተኛዋ ባልዲ ሲደፋ ከጓዳዋ ሆና ውሃውን በድምፁ ትሰፍርበት ነበር። አርባ አንድ ዓመት ሲሞላው፣ ሰባተኛው አከራይ «ልጄን ልድር ነውና ቤቱን ልቀቅልኝ» ሲሉት፣ ከእንግዲህ ተከራይ እንደማይሆን ማለ። አከራይ ይሆናል።

ዕቅዱ በደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ በሦስት ቀለም ተጽፏል። ቤቱ ሃምሳ ሺህ ብር ነው። ግማሹን ከቁጠባው ያወጣል፤ ግማሹን ከሠራተኞች ብድርና ቁጠባ ይበደራል። ብድሩ በየወሩ ስድስት መቶ ብር ከደመወዙ ይቆረጣል። ግቢው ውስጥ ከዋናው ቤት ሌላ አራት ሰርቪስ ክፍሎች አሉ፤ ጎረቤት ያለ አንድ ክፍል በመቶ ሃምሳ ይከራያል፤ አራት ጊዜ መቶ ሃምሳ ስድስት መቶ ነው። «ኪራዩ ብድሩን ይከፍላል፣ ብድሩ ቤቱን ይገዛል፣ እኔ ወንበር አውጥቼ እቀመጣለሁ» ይል ነበር፣ ለጠየቀውም ላልጠየቀውም። አንድ ወር ኪራይ ከቀረ ግን ያ ስድስት መቶ ብር የሚወጣው ከገዛ ጉሮሮው ነው። የግዛቸው ደመወዝ ደግሞ ወር በገባ በሃያኛው ቀን የሚያነክስ ደመወዝ ነው።

ቤቱን የጠቆመው የመሥሪያ ቤቱ ጥበቃ ዋለ ነው፤ አንድ የዋጫ ነጋዴ ገንዘብ ይዞ ሊቀድመው እንደሚችልም ነግሮታል። ዋለ ሲጠየቅ ቶሎ አይመልስም፤ ጥያቄውን እንደ ትኩስ ጎደሬ በአፉ ውስጥ ያገላብጠዋል። ሠራተኛው «ዋለ እስኪመልስ ቀኑ ይውላል» እያለ ይስቅበታል። ግዛቸውም ከልቡ ይወደዋል፤ አጠገቡ ሲቆም ራሱን ይበልጥ የተማረ ሆኖ ያገኘዋልና። ዛሬ ዋለን ያስከተለው ምናልባት ማስተርጎም ቢያስፈልግ ብሎ ነው፤ እንደሚለው ከሆነ ግን ለአጀብ ነው። አሥራ አራት ዓመት የኖረ ሰው የአገሩ ቋንቋ ካፊኖኖ ይጠፋዋል? እውነቱን ለመናገር ሰላምታና የገበያ ዋጋ ያውቃል። ራስ መነቅነቁን ግን ከአገሬው ሰው እኩል ተክኖታል፤ የት ቦታ «እህ» እንደሚባል፣ የት ከንፈር እንደሚመጠጥ አይስትም።

[ግዛቸው ደብተሩን ይዘጋል።]

ግዛቸው፦ ከመግባታችን በፊት ደንቡን ድገምልኝ።

ዋለ፦ ኪራይ አይጠየቅም።

ግዛቸው፦ ለምን?

ዋለ፦ ሻጭ ስለ ገንዘብ ይዋሻል።

ግዛቸው፦ ስለ ምን አይዋሽም?

ዋለ፦ ስለ ተከራዮቹ።

ግዛቸው፦ ጎሽ። ጅማ ሥልጠና ላይ አምስት ቀን ሙሉ በፕሮጀክተር ያስተማሩን ይህንኑ ነው። የቤቱ ልብ ተከራዩ ነው። ተከራዩን ካወቅህ ኪራዩን ራስህ ትደርስበታለህ።

ዋለ፦ [አገላብጦ፣ አገላብጦ] ግን ጋሼ፣ ኪራዩን ለማወቅ ኪራዩን መጠየቅ አይቀልም?

ግዛቸው፦ ዋለ፣ አንተ በር ጠብቅ።

ዋለ፦ ዛሬ ቅዳሜ ነው፣ ተራዬ አይደለም።

ግዛቸው፦ እንግዲያውስ አፍህን ጠብቅ።

ባለቤቲቱ እትዬ ተሾመች ሰባ ዓመት ያለፋቸው ባልቴት ናቸው። ጅማ ያለችው ልጃቸው ጉልበታቸው ስለ ደከመ ልትወስዳቸው ነው፤ ቤቱን የሚሸጡትም ለዚህ ነው። እንግዶቹን ከዋናው ቤት ደጃፍ አግዳሚ ላይ አስቀምጠው የተቀቀለ ጎደሬ ከዳጣ ጋር አቀረቡላቸው። ግዛቸው አንድ ጊዜ ጎርሶ ግቢውን በዐይኑ ይለካ ጀመር። አጥሩ አዲስ ነው። የማገዶ ክምሩ ከሰው ቁመት ይበልጣል። ከጓሮ የእንሰቱ ተክል ጥቅጥቅ ብሏል። አራቱ ክፍሎች በነጭ አፈር ተለስነዋል፤ ሦስቱ በር ላይ ቁልፍ ተንጠልጥሏል። ከአራተኛው ፊት ፀደንያ የምትባል አንዲት ተማሪ የደንብ ልብሷን ታጥባለች።

እትዬ ተሾመች ሰላምታው ካለቀ በኋላ ወደ ዋለ ዞረው በካፊኖኖ ብዙ ተናገሩ። አራቱን ክፍሎች አንድ በአንድ በጣታቸው አመለከቱ፤ ጣታቸውን ስምንት ድረስ ቆጠሩ፤ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ፤ ከዚያም መዳፋቸውን ባዶውን ዘርግተው አሳዩ። በመጨረሻም ጥያቄ በሚመስል ዐይን ግዛቸውን ተመለከቱት። ግዛቸው ከንፈሩን መጥጦ በኀዘኔታ ራሱን ነቀነቀ። አሮጊቷ ዐይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። ይህን ሲያይ ሁለት ጊዜ ጨምሮ ነቀነቀ።

ዋለ፦ ገባዎት፣ ጋሼ?

ግዛቸው፦ ሁሉም ገብቶኛል።

ዋለ፦ ልተርጉምልዎት?

ግዛቸው፦ ለማን? እትዬ ያሉትን ያውቁታል፤ እኔም ሰምቻለሁ።

ዋለ፦ እንዲያው ለማንኛውም ብዬ ነው።

ግዛቸው፦ ጊዜ አትፍጅ። [ደብተሩን ይከፍታል] እትዬ፣ ጥቂት ጥያቄ እጠይቅዎታለሁ። ስለ ገንዘብ አይደለም፤ ስለሱ ምንም አልጠይቅዎትም።

ተሾመች፦ [በመገረም] ስለ ገንዘብ አትጠይቀኝም?

ግዛቸው፦ ፈጽሞ። እኔ የምጠይቀው ስለ ሰዎቹ ነው። ከአራቱ ክፍል ባዶ የሆነው ስንቱ ነው?

ተሾመች፦ አንድም። ከተሠራ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው፣ አንድ ቀን ባዶ አድሮ አያውቅም። አንዱ ሲወጣ ሌላው በር ላይ ነው።

ግዛቸው «የክፍል ባዶነት፦ ዜሮ» ብሎ ጻፈና ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰመረ። ጅማ ላይ አሠልጣኙ፣ በዓመት አንድ ወር ባዶ መሆን የማይቀር ነው ብሎ ነበር። ምስኪን፣ ቦንጋን አያውቅም።

ግዛቸው፦ ሳይናገር የወጣ አለ?

ተሾመች፦ ምን ሲሆን? አሥራ ሁለተኛን ሲጨርሱ ነው የሚወጡት፤ እሱንም አልቅሰው።

ግዛቸው፦ [ለዋለ በሹክሹክታ] እያለቀሰ የሚለቅ ተከራይ። እኔ ሰባት ቤት ስለቅ አንድ ጊዜ አላለቀስኩም።

ዋለ፦ ጋሼ፣ እንዲያው ስንት...

[ግዛቸው የዋለን እግር ይረግጣል። ዋለ ጎደሬ ይጎርሳል።]

ግዛቸው፦ ዛሬ ሦስቱ በሮች ተቆልፈዋል። የት ሄደው ነው?

ተሾመች፦ ቅዳሜ አይደል፤ ወደየአገራቸው ሄደዋል። ከቢታ የመጣ አለ፣ ከዋጫ የመጣ አለ። ስንቅ ይዘው ነገ ማታ ይገባሉ።

ግዛቸው «በየሳምንቱ የመጓጓዣ አቅም ያላቸው» ብሎ ጻፈ። ተማሪ መሆናቸው ለአፍታ አሳስቦት ነበር፤ ኋላ ግን ተማሪ ማለት ከጀርባው አባት ያለ ማለት ነው፣ አባት ማለት ደግሞ ቡና ያለው ማለት ነው ብሎ ራሱን አሳመነ። ቡና የሌለው አባት ልጁን ከተማ ልኮ ቤት ይከራይለታል?

ከዚያ በኋላ ጥያቄው ዘነበ። ከተከራዮቹ ጋር ተጣልተው ያውቁ እንደሆን ጠየቀ፤ እትዬ ተሾመች «በምን ነገር እንጣላለን?» አሉት። አጥሩን ማን እንዳጠረ ጠየቀ፤ የልጆቹ አባቶች በደቦ እንዳጠሩት ነገሩት። የጣራው ቆርቆሮ ሲነቀልስ? አባቶቻቸው። ሽንት ቤቱን ማን ቆፈረ? አባቶቻቸው። ግዛቸው «የጥገና ወጪ፦ በተከራይ» ብሎ ጻፈ። በሕይወቱ ሙሉ እንደዚህ ያለ ቤት አላየም፤ ጅማ ላይ በፕሮጀክተር ከታየውም የበለጠ ነበር። ዋለ በየመካከሉ አፉን በከፈተ ቁጥር እግሩ ይረገጥ ነበር። ስድስተኛው ላይ ጫማውን ወደ አግዳሚው ሥር ሸሸገ።

[እትዬ ተሾመች ወደ ግዛቸው ጠጋ ይላሉ።]

ተሾመች፦ አንድ ነገር እኔ ልጠይቅህ፣ ልጄ።

ግዛቸው፦ ይጠይቁ።

ተሾመች፦ ስትገባ ልጆቹን ታስወጣቸዋለህ?

ግዛቸው፦ [ደንግጦ] እነዚህን? እኔ? እትዬ፣ እኔ ቤቱን የምገዛው እነሱን ብዬ አይደለም እንዴ። ራሳቸው ካልሰለቹኝ በቀር አንድም አይወጣም።

ተሾመች፦ እንደ ነበሩ ይኖራሉ?

ግዛቸው፦ እንደ ነበሩ። አንዲት ነገር አልቀይርም።

ተሾመች፦ በውሉ ላይ ትጽፍልኛለህ?

ግዛቸው፦ በደማቁ።

እትዬ ተሾመች ተነሥተው ግንባሩን ሳሙት። ስንት ሰው መጥቶ ስንት ሰው እንደ ተመለሰ፣ አንዱም እንኳ የልጆቹን ነገር እንዳልጠየቀ፣ እግዚአብሔር ግን ለድሃ ልጅ የሚያስብ ሰው እንደማያሳጣ በረጅሙ ተናገሩ። ፀደንያም ከልብስ ማጠቢያው ቀና ብላ ሰማች፤ እጇን አደራርቃ መጥታ ግዛቸውን ሁለት ጉንጩን ስማ ተመለሰች። ግዛቸው ነገሩ ትንሽ በዛበት፤ ግን የአገሩ ሰው ጨዋ ነው ብሎ ተወው። ይልቅ የገረመው ቀጥሎ የመጣው ነው፤ አሮጊቷ ሳይጠየቁ ከሃምሳው ሺህ ላይ ሦስት ሺህ ቀነሱለት።

ግዛቸው፦ [ለዋለ በሹክሹክታ] አየህ? ሳትጠይቅ ስትቀር ዋጋው ራሱ ይወርዳል። ይህንን እንኳ ጅማ አላስተማሩንም፤ ከራሴ ነው።

ዋለ፦ አየሁ። አሁንም ኪራዩን ለመጠየቅ ጊዜ አለ፣ ጋሼ። ገና አልከፈሉም።

ግዛቸው፦ አሁን ብጠይቅ ሦስቱን ሺህ መልሰው ይጨምሩታል።

ዋለ፦ እሺ። እኔ ብያለሁ።

ምስክር ተጠራ። ጎረቤትየው ሽማግሌ አባ ገብረ ሥላሴ መነጽራቸውን በክር አስረው መጡና ግዛቸው የጻፈውን የቀብድ ውል ከላይ እስከ ታች አነበቡ። «ልጆቹ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል እንደ ነበሩ ይኖራሉ» የሚለው ላይ ሲደርሱ ግዛቸውን አሻቅበው አይተው «ተባረክ» አሉት።

ገብረ ሥላሴ፦ ቀኑ ግን አሥራ ሦስት ነው፣ ልጄ።

ግዛቸው፦ አውቃለሁ፣ አባቴ። ረቂቁን ትናንት ስለጻፍኩት ነው።

[ዋለ ያስለዋል።]

ቀኑ ተሰርዞ ተስተካከለ። ግዛቸው ከውስጥ ኪሱ በጋዜጣ የተጠቀለለውን አምስት ሺህ ብር አውጥቶ ቆጠረ፤ አባ ገብረ ሥላሴ ደግመው ቆጠሩ። እትዬ ተሾመች ሳይቆጥሩ ነጠላቸው ጫፍ ላይ ቋጠሩት። የቀረውን ሰኞ ሊከፍልና ማዘጋጃ ቤት ሄደው ስሙን ሊያዛውሩ ተስማሙ። ሁሉም ፈረመ። የዚያን ጊዜ ዋለ እጁን እንደ ተማሪ አነሣ።

ዋለ፦ ጋሼ፣ ቀብዱን ከፍለዋል። አሁንስ ልጠይቅ?

ግዛቸው፦ [ደስታ አቅልሎት] ጠይቅ። ዛሬ ያልተፈቀደ ነገር የለም።

ዋለ፦ እትዬ፣ ልጆቹ በወር ስንት ነው የሚከፍሉት?

[አባ ገብረ ሥላሴ ይስቃሉ፤ ፀደንያም አፏን በእርጥብ እጇ ይዛ ትስቃለች።]

ተሾመች፦ ምን ነካህ ዋለ? ከልጅ ላይ ኪራይ የሚቀበል ማን አለ? አባቶቻቸው በአደራ ሰጥተውኛል፣ አባቶቻቸው በሚችሉት ይረዱኛል። ቅድም አንድ በአንድ ተናግሬ የለም እንዴ?

ዋለ፦ ተናግረዋል።

ተሾመች፦ እሱም ሰምቶ ከንፈሩን መጧል። [ወደ ግዛቸው ዞረው፣ ፊታቸው ቀስ በቀስ እየተለወጠ] ወይስ... ልጄ፣ አላወቅህም ነበር?

እትዬ ተሾመች ነጠላቸውን ፈትተው ገንዘቡን በመዳፋቸው ላይ አደረጉ። ሰው አታልለው እንደማያውቁ፣ ካላወቀ ቀብድ ብለው እንደማይዙበት፣ አምስቱን ሺህ አሁኑኑ ይዞ መሄድ እንደሚችል ነገሩት። ቅር የሚለውም የለም፤ አላውቅም ነበር ካለ በቂ ነው።

ግዛቸው አፉን ከፈተ። ከአሥራ አራት ዓመቱ ቁጠባ የወጣው ገንዘብ ከፊቱ ነበር፤ ሁለት ቃል ብቻ ነው የሚያስፈልገው። ስድስት መቶው ብር በየወሩ ከደመወዙ ሲቆረጥ ታየው። ወንበሩ፣ ደጃፉ፣ በሦስት ቀለም የተጻፈው ገጽ ሁሉ ታየው። ምላሱን አንሥቶ «አላ...» ሊል ሞከረ። ሽማግሌው በመነጽራቸው ላይ ያዩታል። የሳመችው ልጅ ታየዋለች። ዋለ ያየዋል፤ ጥበቃው ዋለ። ቃሉ ግን አልወጣም። ሳይፈልግ ቀርቶ አይደለም፤ ቃሉን ተናግሮት ስለማያውቅ መንገዱ ጠፍቶት ነው።

ግዛቸው፦ [ጉሮሮውን ጠርጎ] አውቃለሁ እንጂ፣ እትዬ።

ተሾመች፦ እውነት?

ግዛቸው፦ ከጥንትም አውቃለሁ።

እትዬ ተሾመች ገንዘቡን መልሰው ቋጠሩ። ምርቃቱ ረጅም ነበር፤ ዘርህ ይባረክ፣ ያሰብኸው ይሙላ፣ ከፊትህም ከኋላህም መልካም ሰው ይቁም ተባለ። ግዛቸው ለእያንዳንዱ «አሜን» አለ፤ የመጨረሻዎቹ አሜኖች ግን ድምፅ አልነበራቸውም።

[ከአጥሩ ውጭ። ሁለቱ በጭቃው ዳር ይሄዳሉ። ግዛቸው ደብተሩን የያዘው እንደ ታመመ ሰው ነው።]

ግዛቸው፦ ታውቅ ነበር።

ዋለ፦ አዎ።

ግዛቸው፦ እና ዝም አልከኝ።

ዋለ፦ ስድስት ጊዜ ረግጠውኛል፣ ጋሼ። ጣቴ ይመስክር።

ግዛቸው፦ የዋጫውስ ነጋዴ? ገንዘብ ይዞ ሊቀድመኝ ነው ብዬ እኮ ነው የቸኮልኩት።

ዋለ፦ እሱ ባለፈው ሳምንት መጥቶ ነበር። ኪራዩን ጠየቀ፤ ሲነግሩት የጀመረውን ጎደሬ እንኳ ሳይጨርስ ሄደ። ከእሱ በፊት የመጡት አራቱም እንዲሁ ናቸው። ሁሉም «አላውቅም ነበር» እያሉ ነው የወጡት።

ግዛቸው፦ ታዲያ እኔን ለምን አመጣኸኝ?

ዋለ፦ [ጥያቄውን በአፉ እያገላበጠ] እትዬ «ልጆቹን የማይበትን ሰው ፈልግልኝ» አሉኝ። ብዙ አሰብኩ። ዘጠኝ ዓመት በርዎ ላይ ቆሜያለሁ፣ ጋሼ። ሚኒስትር ሲመጣ ሰምቻለሁ፣ ኦዲተር ሲመጣ ሰምቻለሁ። አንድ ቀን «አላውቅም» ሲሉ አልሰማሁም። እኚህ ሰው አንዴ ከገቡ አይወጡም አልኩ።

[ግዛቸው ይቆማል። ዋለም ይቆማል።]

ግዛቸው፦ ጠፋሁ እኮ። ስድስት መቶ ብር በየወሩ። ከየት አመጣለሁ?

ዋለ፦ ለምግብ ቤት በወር ስንት ይከፍላሉ?

ግዛቸው፦ አምስት መቶ። ምን አገባው?

ዋለ፦ ለቤት ኪራይዎስ?

ግዛቸው፦ ሁለት መቶ።

ዋለ፦ ከሰኞ ጀምሮ ዋናው ቤት የእርስዎ ነው፤ ሁለት መቶው ቀረ። የስምንት ልጅ አባቶች በየሳምንቱ ቆጮ፣ ማር፣ ቅቤ፣ ማገዶ ይልካሉ። ለማን ይመስልዎታል? እትዬ ተሾመች ከገበያ ከጨው በቀር ነገር ገዝተው አያውቁም። አምስት መቶውም ቀረ። ሰባት መቶ። ብድርዎ ስንት ነው?

ግዛቸው፦ ስድስት መቶ።

ዋለ፦ መቶ ብር ያተርፋሉ። አጥሩን ሳልቆጥር።

ግዛቸው ደብተሩን ከፈተ፤ ባዶ ገጽ ላይ ቁጥሮቹን በእርሳስ ደረደራቸው፤ ደመረ፤ ቀነሰ፤ ደግሞ ደመረ። መቶ ብር። ከአምስት ቀን ሥልጠና፣ ከሦስት ቀለም፣ ከፕሮጀክተር ያመለጠ መቶ ብር ነው። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ዋለን ቁልቁል ሳይሆን ፊት ለፊት ተመለከተው።

ግዛቸው፦ ይህን ሁሉ አንተ ነህ ያሰላኸው?

ዋለ፦ ኧረ እኔ ከሦስተኛ ክፍል ነው ያቋረጥኩት። ልጄ ናት።

ግዛቸው፦ የትኛዋ ልጅ?

ዋለ፦ የእኔዋ ናታ። ጥበቃ ቤት ለሴት ልጅ አይሆንም ብዬ እዚሁ እትዬ ዘንድ አስጠግቻታለሁ። ገዢ በመጣ ቁጥር ማታ ማታ ከነጓደኞቿ ተቀምጣ ትገመግማለች፤ ይሄ አይሆንም፣ ይሄ ያስወጣናል እያለች። ስለ እርስዎ ደመወዝ፣ ስለሚበሉበት ቤት፣ ስለ ብድሩ ሁሉ ጠየቀችኝ። ጽፋ ጽፋ ስታበቃ «አባዬ፣ እኚህ ይሆኑናል» አለችኝ። እኔ አመጣሁዎት እንጂ የመረጠችዎት እሷ ናት።

[ከታች በኩል የሚኒባስ ጥሩምባ ይሰማል። ረዳቱ «ቢታ ገነት፣ ቢታ ገነት» እያለ ይጣራል።]

ዋለ ዘወር ብሎ አየ። የዓመት ፈቃዱ ከዛሬ እንደሚጀምር፣ ወር ሙሉ አገሩ እንደሚቆይ፣ እስከዚያ በሩን ሌላ ሰው እንደሚጠብቅ እየሄደ ነገረው። የግዛቸውን እጅ በሁለት እጁ ጨብጦ ለቀቀና ሮጠ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሲሮጥ ያየው ሰው አልነበረም፤ ለካ ይችልበታል።

ግቢው ውስጥ ስምንት ልጆች አሉ፤ ከስምንቱ አምስቱ ሴቶች ናቸው። ግዛቸው ከአምስቱ የትኛዋ እንደሆነች ሊጠይቅ አፉን ሲከፍት ዋለ የሚኒባሱ በር ላይ ተንጠልጥሎ ነበር፤ ድምፁ ሲወጣ መኪናው ታጥፏል።